ከጋን ውስጥ የወጣች ከተማ፦ የሺአን የሰባት ቀን ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ከቼንግዱ ወደ ሺአን

ከአዲስ አበባ እስከ ቻይናዊቷ ከተማ ቼንግዱ ያለው የሌሊት በረራ እንቅልፍ ስለሆነ የሚተረክ ነገር የለውም። ጉዞዬን የምቆጥረው በማግስቱ ጠዋት ወደ ሺአን የሚሄደው ፈጣን ባቡር ላይ ከተሳፈርኩበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ቲኬቱ ወደ 260 ዩዋን ነበር፤ በዚያ ሰሞን አንዱ ዩዋን በባንክ ወደ 17 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ሒሳቡን በልቤ ስሠራ ትንሽ ደነገጥኩ። ነገር ግን መንገዱ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚያደርሰው ይረዝማል፤ ባቡሩ ደግሞ በአራት ሰዓት ውስጥ ጨረሰው። የቺንሊንግን ተራሮች ከዋሻ ወደ ዋሻ እየዘለለ ሲያቋርጥ መስኮቱ ይጨልማል፣ ይበራል፣ እንደገና ይጨልማል። ገደሉን አይቼ ልፈራ ብል እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።

የመጣሁበት ምክንያት አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንጥረኛ ሆኖ መስቀል፣ ጉትቻና የጆሮ ኩክ ማውጫ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሺአን ውስጥ ምሕንድስና የሚማረው የእኅቴ ልጅ አንድ ቀን ከሙዚየም የተነሳች የብር ኳስ ፎቶግራፍ ላከልን። አባባ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ወደ ብርሃን አዞረና ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም «ይህን የሠራ ሰው እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሄደሽ በዓይንሽ እይልኝ» አለኝ። ልጁ ደግሞ «አክስቴ፣ ሳልመረቅ ካልመጣሽ ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ በገንዘብሽ ነው የምትቀጥሪው» እያለ ሲያስጠነቅቀኝ ከርሞ ነበር።

ሺአን በጥንቱ ስሟ ቻንግአን ትባል ነበር። ከ618 እስከ 907 እ.ኤ.አ. ቻይናን የገዛው የታንግ ሥርወ መንግሥት መናገሻ ስትሆን (ከዚህ በኋላ የታሪክ ዓመታትን የምጽፈው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ በዘመኗ ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። ዛሬ ግን ያቺን ከተማ ከመሬት በላይ የሚፈልግ ሰው ከጥቂት የጡብ ግንቦች በቀር የሚያገኘው የለም። በ904 ጁ ዌን የተባለው የጦር አበጋዝ ቤተ መንግሥቱን ወደ ሉዎያንግ እንዲዛወር አስገድዶ ቤቶቹን አስፈረሰና እንጨታቸውን በወንዝ አስነድቶ ወሰደው። ጎብኚው ሁሉ ብስክሌት ተከራይቶ የሚዞረው ግዙፍ የከተማ ቅጥር እንኳ ከታንግ ወዲህ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ያየሁት ሁሉ ማለት ይቻላል ከመሬት በታች የወጣ ነገር ነው።

የታሪክ ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ መሆኑን የተረዳሁት በሩ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነበር። ልጁም ሦስት ዓመት እዚያ ኖሮ አላወቀም። ኀፍረቱን ለማስረሳት በሙስሊሞች ሰፈር ያንግሮ ፓኦሞ ወደሚሸጥበት ቤት ወሰደኝ። አስተናጋጇ ጎድጓዳ ሳሕንና ሁለት ደረቅ ቂጣ ታቀርባለች፤ ቂጣውን በጣትህ ቆራርሰህ የሽምብራ ፍሬ ካሳከልከው በኋላ ሳሕኑ ወደ ማድ ቤት ይመለስና የበግ መረቅ ፈስሶበት ይመጣል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ፍትፍት ነው፤ ልዩነቱ የሚፈተፍተው በላተኛው ራሱ መሆኑ ነው። የእኔን ቁርጥራጭ ምግብ አብሳዩ በመስኮት ብቅ ብሎ አየና «ትልቅ ነው» በሚል ምልክት መለሰልኝ። 38 ዩዋን ከፍዬ ሥራ ታዘዝኩ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፤ ሁለቱ ጋኖች

የሻአንሺ ታሪክ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በፓስፖርት ቁጥር መመዝገብ ግዴታ ነው። ልጁ ሲመዘግበኝ አንድ ቁጥር አሳስቶ ስለነበር ማሽኑ አላሳልፍም አለኝ። ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ የደመራ ዕለት ሰልፍ ያህላል። አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ከሰልፉ አወጣችንና ወደ ሌላ መስኮት መራችን፤ የሄጂያ መንደር ቅርስ ለሚታይበት ልዩ አዳራሽ በ30 ዩዋን የሚሸጥ ቲኬት ገዝተን ገባን። እኔ የመጣሁት ለዚያው ስለነበር ስሕተቱ ጠቀመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970 ጥቅምት ወር በሺአን ደቡባዊ ዳርቻ ለግንባታ መሠረት ሲቆፈር ቁመታቸው 65 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት የሸክላ ጋኖችና አንድ የብር ማሰሮ ተገኙ። በውስጣቸው ከአንድ ሺህ በላይ ዕቃ ታጭቆ ነበር፤ ወደ 270 የሚጠጉት የወርቅና የብር ዕቃዎች ናቸው። የቀሩት የከበሩ ድንጋዮች፣ ጄድ ከተባለ የከበረ ድንጋይ የተሠሩ ቀበቶዎች፣ መድኃኒቶችና ገንዘቦች ሲሆኑ፣ ከገንዘቦቹም መካከል የፋርስ ብር፣ የቢዛንታይን ወርቅና የጃፓን ሳንቲም ይገኙበታል። በአንዳንዶቹ የብር ሣጥኖች ክዳን ላይ በውስጡ ያለው ነገር ስምና ክብደት በቀለም ተጽፏል። ጽሕፈቱ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ማን እንደቀበራቸው ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ገሚሶቹ በ755 የተነሳው የጦር አዛዡ የአን ሉሻን ዐመፅ ከተማይቱን ሲያስጨንቅ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ በ783 ወታደሮች ባመፁ ጊዜ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን ባለቤቱ ተመልሶ እንዳልመጣ ይስማማሉ።

እኔን ያቆመኝ ይኸው ያልተመለሰው ሰው ነው። ዕቃዎቹ ተወርውረው የገቡ አልነበሩም። ትንንሹ በትልቁ ውስጥ፣ ሳሕኑ በሳሕን ላይ ተደራርቦ የተቀበረ ነው፤ የቸኮለ ግን ያልተደናገጠ እጅ ሥራ ነው። የአሕመድ ግራኝ ጦርነት በደረሰ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናትን ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ያሸሹት ሰዎችም እንዲህ ባለ ልብ ሳይሆን አይቀርም የሠሩት።

አባባ እይልኝ ያለኝ የብር ኳስ ሎሚ ታክላለች፤ ወርዷ 4.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ውጫዊ ገጿ የወይን ሐረግና ወፎች እየተፈለፈሉ የወጡባት ወንፊት ናት። ለሁለት ስትከፈት በውስጧ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ቀለበቶችና ፍምና ዕጣን የሚቀመጥባት ትንሽ የወርቅ ጽዋ ይታያሉ። ኳሷ በየትም በኩል ብትንከባለል ጽዋዋ ሁልጊዜ አፏን ወደ ላይ እንዳደረገች ትቀራለች፤ አመዱም አይደፋም። የመርከብ ኮምፓስ በማዕበል ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቀው በዚሁ ዘዴ ነው። እኛ ጽንሐውን በሰንሰለት አንጠልጥለን የፈታነውን ችግር እነርሱ በቀለበት ፈትተውታል፤ የታንግ ወይዛዝርትም በልብሳቸው ሥር ይዘውት ይሄዱ ነበር። በመስታወቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ የብረቱን ምሰሶ ጫፎች፣ ማለትም ቀለበቱ የሚሽከረከርባቸውን ሚስማሮች ስፈልግ ጠባቂው ሦስት ጊዜ በትሕትና ከመስታወቱ አራቀኝ።

ከእርሷ ቀጥሎ የቆምኩት በወርቅ ቅብ ፈረስ ያጌጠ የብር ኮዳ ፊት ነው። ቅርጹ የሰሜን ዘላኖች ይዘውት የሚዞሩት የቆዳ ኮዳ ሲሆን፣ ፈረሱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተመታ ያበጠ ነው። ጽዋ በጥርሱ ነክሶ በኋላ እግሮቹ ቁጢጥ ብሏል፤ ጅራቱ ወደ ላይ፣ ዐንገቱ ላይ ጥብጣብ። ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግ በልደቱ ዕለት በሙዚቃ የሚጨፍሩ ፈረሶች ያስቀርብ እንደነበረ በጽሑፍ ይታወቅ ነበር፤ ዓይን ያየው ግን ይህ ኮዳ ከጋኑ ሲወጣ ነው። በዐመፁ ጊዜ ከፈረሶቹ ጥቂቶቹ በአንድ የጦር አለቃ እጅ ወደቁ ይባላል። አንድ ቀን በሠራዊቱ ግብዣ ላይ ከበሮ ሲመታ ፈረሶቹ ልማዳቸው ነውና መጨፈር ጀመሩ፤ ወታደሮቹም ርኩስ መንፈስ የገባባቸው መስሏቸው ይቀጠቅጧቸው ገቡ። ፈረሶቹ የተመቱት ጭፈራው ስላላማረ ይመስላቸውና ይበልጥ አሳምረው ይጨፍራሉ፤ እየጨፈሩም ተገድለው ሞቱ። ልጁ ይህን ሲያነብልኝ ድምፁ ቀነሰ።

በአዳራሹ እጅግ የሚከበረው ግን ከአንድ ወጥ አጌት ድንጋይ የተፈለፈለው የአውሬ ራስ ያለው ዋንጫ ነው። ቀንድ ሆኖ ይጀምርና ወደ ጫፉ ጎንበስ ብሎ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት እንስሳ ይሆናል፤ አፍንጫው ላይ የሚነቀል የወርቅ ክዳን አለው፣ መጠጡም የሚፈስሰው በዚያ ነው። አባቶቻችን ጠጅ ይጠጡበት የነበረውን የበሬ ቀንድ ዋንጫ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ቻይናውያኑም ቅርጹን የወሰዱት ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ ነው። በ2002 መንግሥት ከአገር እንዳይወጡ ከከለከላቸው 64 ቅርሶች አንዱ ስለሆነ፣ ይህን ማየት የፈለገ ወደ ሺአን መምጣት አለበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13፤ የድንጋይ ጫካ

የጾም ቀን ነበር። ጠዋት ሊያንግፒ የሚሉትን ቀዝቃዛ የሩዝ ሊጥ ቁርጥ በበርበሬ ዘይትና በኮምጣጤ በላሁ፤ 10 ዩዋን። በርበሬያቸው ከእኛ ይልቅ ሽታ እንጂ እሳት የለውም። ልጁን ያለማቋረጥ ሲያልበው እኔ ጨምሩልኝ አልኩ።

የሐውልቶች ጫካ የሚባለው የቤይሊን ሙዚየም ከ1087 ጀምሮ የተጻፈባቸው ድንጋዮች የተሰበሰቡበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው አዳራሽ በ837 የተጠናቀቁትን የኮንፊሽየስ ትምህርት መጻሕፍት ይዟል። 114 ጽላቶች በሁለቱም ገጽ የተቀረጸባቸው ፊደል ከ650 ሺህ ይበልጣል። ማተሚያ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ተማሪው የተሳሳተ ቅጂ እንዳይዝ መጽሐፉን በድንጋይ አቁመው «ከዚህ ገልብጥ» አሉት። የእኛ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ሲያርም የሚያመሳክርበት እንዲህ ያለ ወፍራም ምስክር አልነበረውም።

የመጣሁለት ግን ሌላ ድንጋይ ነበር። ቁመቱ ወደ 2.8 ሜትር የሚደርስ ጥቁር ሐውልት ነው፤ አናቱ ላይ መስቀል አለ፣ መስቀሉም ከደመናና ከሎተስ አበባ በላይ የቆመ ነው። በ781 የቆመ ሲሆን፣ አሎፔን የተባለ መነኩሴ በ635 ቻንግአን ገብቶ የክርስትናን መጻሕፍት እንዳቀረበና ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ እንደተቀበለው በቻይንኛ ይተርካል። በግርጌውና በጎኖቹ የካህናት ስም በሶርያ ፊደል ተጽፏል። ተሰዓቱ ቅዱሳንን ከወደ ሶርያ መጡ እየተባለ ሲተረክ ለሰማ ሰው፣ ያንኑ አካባቢ ፊደል በምድር ሌላኛ ጫፍ ማግኘት ያስደነግጣል። ለጥንቃቄ ግን መጨመር ያለብኝ ነገር አለ፤ የእነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን በተለምዶ የንስጥሮሳውያን የምትባለው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ንስጥሮስ ደግሞ በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘና በእኛም ቤተ ክርስቲያን የማይጠራ ነው። በመስቀሉ ፊት አማተብኩ፤ ስለ ቀረው ነገር እግዚአብሔር ይፍረድ። በ845 የባዕዳን ሃይማኖቶች ሲታገዱ ድንጋዩ ሳይቀበር አልቀረም ይባላል፤ እንደገና የተገኘው በ1620ዎቹ ነው። ፊደሎቹ እንደዚህ ስል የሆኑት ዝናብና እጅ ሳይነካቸው ስለኖሩ ነው።

በሌላው አዳራሽ የታይዞንግ ስድስት የጦር ፈረሶች አሉ፤ በትክክል ለመናገር አራቱ አሉ። ንጉሡ ሥልጣኑን ባጸናባቸው ጦርነቶች የጋለባቸውን ፈረሶች በድንጋይ አስቀርጾ በመቃብሩ አቁሟቸው ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሚያበቃበት አካባቢ ሁለቱ ተሸጠው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ዛሬ በፊላደልፊያ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። አራቱም ለማጓጓዝ እንዲመቹ ተሰባብረው ከአገር ሊወጡ ሲሉ ተያዙ፤ ስንጥቃቸው በግልጽ ይታያል። የሁለቱ ቦታ በቅጂ ተሞልቷል። ከሄዱት አንዱ ሳሉዚ ይባላል፤ ደረቱ ላይ የተሰካውን ፍላጻ አንድ የጦር መኮንን ሲነቅልለት ፈረሱ ራሱን ወደ ሰውየው ደረት ዘንበል ያደርጋል። እኔ ያየሁት ቅጂውን ነው፤ ፊላደልፊያ ያላችሁ ወገኖች ዋናውን በከተማችሁ አውቶቡስ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንድ ቻይናዊ አዛውንት በቅጂው ፊት ቆመው ለልጅ ልጃቸው ሲያስረዱ የእኅቴ ልጅ ተረጎመልኝ፤ «ይህኛው ውጭ አገር ነው፤ ይመጣል» ይሉት ነበር። የአክሱም ሐውልት ከሮም በ2005 እስኪመለስ ድረስ በእኛም አገር ሽማግሌዎች ለልጆች እንዲሁ ይሉ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ታላቁን የዝይ ፓጎዳ፣ ማለትም የቡድሂስቶችን ረጅም ግንብ፣ ከ20 ዩዋን ጃንጥላ ሥር ሆኜ አየሁት። ጃንጥላው በሁለተኛው ሰዓት ተገለበጠ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15፤ የፋመን ቤተ መቅደስ

ፋመን ከሺአን ወደ ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አውቶቡሱ ስላመለጠን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር መኪና ተጋራን፤ መንገዱ ከአዲስ አበባ አዳማ እንዳለው የፍጥነት መንገድ ያለ ሲሆን ግራና ቀኙ የስንዴ ማሳ ነው። መንገድ ላይ የማዌይን ስም የያዘ ምልክት አለፍን። ሹዋንዞንግ ዐመፁን ሲሸሽ ወታደሮቹ አስገድደውት የሚወዳት ያንግ ጉዪፌ የታነቀችው በ756 እዚህ ነው። በኋላ መቃብሯን በምሥጢር ሲያስከፍት ገላዋ ፈርሶ የዕጣን ከረጢቷ ብቻ እንደነበረ ሆኖ መገኘቱን የታሪክ መጽሐፉ ይናገራል። ሥጋዋ ሲበሰብስ የጨርቅ ከረጢት እንዴት ተረፈ? የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ ነው።

ሾፌሩ በተሳሳተ በር አወረደንና ብዙ ተራመድን። ቲኬቱ ወደ 100 ዩዋን ነው፤ ከበሩ እስከ ቤተ መቅደሱ ለሚወስደው የኤሌክትሪክ ጋሪ ደግሞ ለየብቻ ይከፈላል። በ2009 የተመረቀው 148 ሜትር ቁመት ያለው አዲሱ ሕንጻ ሁለት የተጋጠሙ እጆችን ይመስላል። እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም፤ የመጡት ሁሉ ግን ፎቶግራፍ የሚነሱት እዚያ ነው። የድሮው የጡብ ፓጎዳ ጥግ ላይ በትሕትና ቆሟል።

እርሱም ቢሆን እንደገና የተሠራ ነው። ከታንግ ብዙ ቆይቶ ከመጣው ከሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረው ፓጎዳ በነሐሴ 1981 ብዙ ከዘነበ በኋላ እንጀራ እንደሚቆረስ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰነጠቀና ግማሹ ወደቀ። ግማሹ ለዓመታት ቆሞ ቆየ። እንደገና ለመሥራት መሠረቱ ሲጸዳ በሚያዝያ 3 ቀን 1987 ከሥሩ ወለል ላይ ድንጋይ ተነሳና በስንጥቁ ወደ ውስጥ ያበሩት መብራት በወርቅ ላይ አንጸባረቀ። ርዝመቱ 21 ሜትር የሆነ የምድር ውስጥ ቤት ነበር፤ በ874 ከታሸገ ወዲህ ሰው አልገባበትም። በማኦ የባህል አብዮት ዘመን ወጣቶች ቆፍረው ሊያፈርሱት ሲመጡ በ1966 አንድ መነኩሴ ራሱን በእሳት አቃጥሎ አስቆማቸው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያይ ነው የሞተው።

ምድር ቤቱ የተሠራው ለቡድሃ የጣት ዐፅም ነው። የታንግ ነገሥታት በየሠላሳ ዓመቱ እያወጡ ወደ ቻንግአን ይወስዱት ነበር፤ ሕዝቡ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ሲያጅብ፣ ንጽጽሩ ይቅር ይባልልኝና፣ የጥምቀትን ዋዜማ ያስታውሳል። ሃን ዩ የተባለው ጸሐፊ በ819 «የደረቀ አጥንት ወደ ቤተ መንግሥት አታስገባ» ብሎ ለንጉሠ ነገሥቱ ስለጻፈ ወደ ሩቅ ደቡብ ተጋዘ። በ873 ለመጨረሻ ጊዜ ወጥቶ በዓመቱ ሲመለስ ከእርሱ ጋር የነገሥታቱ ስጦታ ተቀበረ፦ 121 የወርቅና የብር ዕቃ፣ ከምዕራብ የመጣ ብርጭቆ፣ ሐር፣ ሸክላ። ዐፅሙ አንድ ሣጥን በሌላ ሣጥን ውስጥ እየተደረገ በስምንት ሣጥን የተሸሸገ ሲሆን፣ የመጨረሻው አራት በር ያላት ትንሽ የወርቅ ፓጎዳ ነበረች። በጠቅላላ አራት ጣት ተገኘ፤ ሦስቱ ለማሳሳቻ የተሠሩ ምስለ ጣቶች ናቸው። ዋናው ተብሎ የሚከበረው ያን ሁሉ ወርቅ ትቶ ከኋለኛው ክፍል ወለል በታች በተደበቀ ጉድጓድ፣ በዛገ የብረት ሣጥን ውስጥ ነበር።

ከወርቁ ይልቅ ያስደሰተኝ አንድ ተራ የድንጋይ ጽላት ነው። የተቀበረው ዕቃ ሁሉ ስም፣ ብዛትና የሰጪው ማንነት እንደ መዝገብ ተቀርጾበታል። የሁለት ነገሮችን ምሥጢር የፈታውም እርሱ ነው። አንደኛው የማዌይ ነው፤ ማክሰኞ ካየኋት ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ የብር ኳሶች እዚህም ነበሩ፣ ጽላቱም በግልጽ «የዕጣን ከረጢት» ይላቸዋል። ተመራማሪዎቹ እስከዚያ ድረስ የማጨሻ ኳስ ነበር የሚሏቸው። እንግዲህ ከያንግ ጉዪፌ ጋር የተረፈው ጨርቅ አልነበረም፤ ብረት ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው «ምሥጢራዊ ቀለም» የተባለው ሸክላ ነው። ባለቅኔዎች ሲያወድሱት ኖረው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር፤ ጽላቱ በስሙ ጠርቶ ቆጠራቸው። የወይራ ቅጠል የሚመስል አረንጓዴ ሳሕን ነው፤ ባዶ ሆኖ ሳለ ውኃ ያለበት ይመስላል። ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ብዬ፣ በጎን ሆኜ አየሁት፤ ውኃው አልጠፋም።

የንጉሡ የሻይ ዕቃም አለ። ሻዩ በብር መፍጫ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ በጨው የሚጠጣ ነበርና የጨው ማስቀመጫውም ከወርቅ ቅብ ብር ነው። በ869 አካባቢ በቤተ መንግሥቱ የእጅ ሥራ ቤት መሠራቱን የሚናገር ጽሑፍ ታችኛው ገጽ ላይ አለ። ቡና በጨው ስጠጣ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ልጁን «አየህ፣ ባላገር ብቻ አይደለንም» አልኩት።

ምሳ መነኮሳቱ በሚያስተናግዱበት ቤት በላን። እንቁላልም ሥጋም የሌለበት፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት ምግብ ስለሆነ ለዓርብ ጾም ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም። ከአኩሪ አተር ዶሮ አስመስለው የሠሩትን ግን አልነካሁትም፤ መልኩ ብቻ ጾም የሚያስገድፍ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16፤ ቺያንሊንግ

ለቀኑ በ400 ዩዋን መኪና ተከራየን። ከሺአን ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ተራራ ራሱ መቃብር ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ጋኦዞንግና ባለቤቱ ዉ ዜቲያን አብረው ተቀብረውበታል። በቻይና ታሪክ በራሷ ስም ንጉሠ ነገሥት ተብላ የገዛች ብቸኛ ሴት እርሷ ናት። የባሏ ሐውልት በምስጋና ጽሑፍ የተሞላ ሲሆን የእርሷ ግን ባዶ ሆኖ ቆመ፤ የዛሬዎቹ ጽሑፎች በኋላ ዘመን ሰዎች የጫሩት ነው። ተራራው እስካሁን አልተከፈተም።

በበሩ ግራና ቀኝ 61 የድንጋይ ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጋጥመው ተሰልፈዋል። የውጭ መልእክተኞችና መኳንንት ናቸው፤ አገራቸውና ስማቸው በጀርባቸው ተጽፎ ነበር፣ የሚነበበው ግን ጥቂት ነው። ራስ የላቸውም። በነፋሱ መካከል አለፍኩና የሁለተኛውን ረድፍ ትከሻ በእጄ ነካሁ፤ ከላይ የቆመው ነገር ምን እንደሚደርስበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቦታ አላየሁም።

ከግርጌ የልዕልት ዮንግታይ መቃብር ይገኛል። በ701 በ17 ዓመቷ የሞተች የዉ ዜቲያን የልጅ ልጅ ናት። ቁልቁል የሚወርደው መተላለፊያ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው፤ በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ቅጂዎች ሲሆኑ ዋናዎቹ ሺአን ተወስደዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቆፈር ሌቦች በከፈቱት ጉድጓድ ሥር የአንድ ሰው ዐፅም ተገኘ፤ ጓደኞቹ ወርቁን ተቀብለው ሲወጡ እርሱን እዚያው እንደተዉት ይገመታል።

ስንመለስ ሾፌሩ እናቱ ቤት አቆመ። እማማ ዝናብ ቀን እንደመጣ ዘመድ ተቀበሉን፤ የጓሮአቸውን ቲማቲም የሚመስል ጣፋጭ የዛፍ ፍሬ በሰፌድ ሞልተው፣ ድፎ ዳቦ ወፍሮ የደረቀ የሚመስለውን የአገሩን ቂጣ ጨምረው አቀረቡልን። ጸጉሬን ነክተው ሳቁ፤ እኔም ሹሩባውን ፈትቼ አሳየኋቸው። ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ ከቦርሳዬ ቡና አውጥቼ ሰጠኋቸው። ይህን ምን እንደሚያደርጉት ሲጠይቁት የእኅቴ ልጅ «ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል» እያለ በቻይንኛ ሲያስረዳ ረጅም ጊዜ ፈጀ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17፤ ወደ ሙዚየሙ ተመልሼ

በዚህ ጊዜ የፓስፖርቱ ቁጥር ትክክል ነበር። ለግድግዳ ሥዕሎቹ አዳራሽ የሚከፈለው ከ200 ዩዋን በላይ ነው፤ ልጁ «አንቺ ግቢ፣ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ» አለ። ከመቃብር ግድግዳ በሙጫና በጨርቅ እየተላጡ የመጡት ሥዕሎች በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ተቀምጠዋል። ከልዑል ዣንግሁዋይ መቃብር በመጣው ሥዕል ላይ ከሃያ የሚበልጡ ፈረሰኞች ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዘው ኳስ ያሳድዳሉ፤ የገና ጨዋታና ጉግስ አንድ ላይ ቢሆኑ ይህን ይመስላሉ።

ሦስት ቀለም ከሚባሉት ሸክላዎች መካከል በአንድ ግመል ጀርባ ላይ ሰባት ሙዚቀኞችና አንዲት ዘፋኝ የተሳፈሩበትን ብዙ ሰው ከብቦት ነበር። እኔ ግን ከእርሱ ራቅ ብላ የቆመችውን ጥቁር ምስል አየሁ፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰች፣ ጸጉሯ የተጠቀለለ። እንዲህ ያሉት ምስሎች ከአፍሪካ ወይስ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሰዎችን ነው የሚያሳዩት በሚለው ላይ ሊቃውንት አይስማሙም። በ751 በታላስ ጦርነት ተማርኮ በዐረቦች ምድር ለዓመታት የዞረው ዱ ሁዋን የተባለ የታንግ ሰው ግን ሞሊን ስለተባለች የጥቁሮች አገር ጽፏል፤ አንዳንዶች ይህቺን አገር በእኛው በኩል፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያደርጓታል፣ ሌሎች ሌላ ቦታ ይፈልጓታል። መጽሐፉ ጠፍቶ ዘመዱ በሌላ መጽሐፍ የጠቀሰው ጥቂት ቁራጭ ብቻ ቀርቷል።

ከሙዚየሙ ሱቅ የዕጣን ኳሷን ቅጂ በ80 ዩዋን ገዛሁ።

አባባ ሳጥኑን ሲከፍት ምንም አላለም። ማታ ፍምና ዕጣን አደረገባትና ወለሉ ላይ አንከባለላት፤ በሁለተኛው ዙር አንደኛው ቀለበት ያዘና አመዱ በእናቴ ምንጣፍ ላይ ተደፋ። እናቴ ስትቆጣ እርሱ ኳሷን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ሚስማሩ ነው፣ በወፍራሙ ነው የመቱት» አለ። በማግስቱ ፈታታት። ይህን ስጽፍ ሁለቱ ቀለበቶች በሥራ ገበታው ላይ ከመሮዎቹ አጠገብ ናቸው፤ ሚስማሩን ከብር ሽቦ አዲስ እያወጣለት ነው።